በሩን የከፈተው ማን ነበር

በዚያ ኬላ በኩል የሚያልፉ ሹፌሮች አልጋ ቤቱን የሚያውቁት ከአልጋው ይልቅ በባለቤትየዋ ጥያቄ ነው። «ጉምሩክ አንዴ ይፈትሸናል፤ እትዬ ሁለቴ» እያሉ ይስቃሉ። ሴትዮዋ ጠዋት ሻይ አቅርባ ዞር አትልም። ባዶውን ትሪ ደረቷ ላይ ታቅፋ ትቆምና ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደጫኑ፣ እናታቸው በሕይወት እንዳለች፣ ያቺ ባለፈው ያኮረፈቻቸው ሚስት ታርቃ እንደሆነ ትጠይቃለች። አንዱ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተበጥሶበት እንዴት እንደተረፈ አውርቶ ሲጨርስና ሌሎቹ «ተመስገን» ብለው ወደ ሻያቸው ሲመለሱ፣ እሷ «ቆይ፣ ቆይ፤ በየትኛው እግርህ ነው የዘለልከው?» ብላ ሰውዬውን እንደገና ገደሉ አፋፍ ላይ ታቆመዋለች። ስሟን ትተው «መርማሪዋ» ይሏታል። አትቆጣም። ማወቅ ትወዳለች፤ ምን ታድርግ።

እድሜ ልኳን ጠይቃ መልስ ያላገኘችለት ነገር ግን አንድ ነበር። እሱም ከገዛ ቤቷ የወጣ ነው።

ከተማዋን የወለዳት ኬላው ነው። መጀመሪያ መንገዱ ላይ አግድም የተጣለ እንጨትና አንድ ድንኳን ብቻ ነበር አሉ። እንጨቱ እስኪነሳለት የሚጠብቅ ሹፌር ሻይ አማረው፤ ሻይ የምታፈላ ሴት መጣች። ጎማ የፈነዳበት ጎሚስታ ፈለገ፤ ጎሚስታ መጣ። የመሸበት አልጋ ፈለገ፤ አልጋ ተዘረጋ። እያለ እያለ መንገዱን ተከትሎ በጣውላና በቆርቆሮ የተጋጠመ ረድፍ ቤት በቀለ። ለየብቻ ግድግዳ ማቆም ድካም ስለሆነ፣ የአንዱ ቤት ግድግዳ የቀጣዩም ቤት ግድግዳ ነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ ከአልጋ ሳይነሱ «ይማርህ» ይሉት ነበር።

ከወንዙ ማዶ ላምባና ቤንዚን እንደልብ ነው፤ ከወንዙ ወዲህ የለም። የከተማዋ እንጀራ ከዚህ ልዩነት ላይ ተጋገረ። በርሜል በጨለማ ወንዙን ይሻገራል፤ ቀን ቀን ከአልጋ ሥር፣ ከወለሉ ጣውላ በታች፣ ከልብስ ክምር ኋላ ተኝቶ ይውላል። ሁሉም ይነግዳል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራም። ልጅ አፉን ሲፈታ ከ«እማ» ቀጥሎ የሚማረው ቃል «የለም» ነበር። ኮፍያ ያደረገ ሰው ምንም ይጠይቅ ምን፣ መልሱ እሱ ነው። አባትህ አለ? የለም። ጓዳ አላችሁ? የለም። አያቶች የድስት ክዳን አናታቸው ላይ ደፍተው፣ ጉምሩክ መስለው፣ ድምፃቸውን አጎርንነው «በርሜል አለ?» ይላሉ፤ ሕፃኑ ከወገቡ ቀና ብሎ «የለም!» ሲል ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ጨዋታው ደስ የሚል ጨዋታ ነበር።

እሳቱ የተነሳው ምድሩ ሁሉ በደረቀበት ወቅት፣ ንፋስ ቆርቆሮ በሚያንኳኳበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከየትኛው ቤት እንደተነሳ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ሁሉም ከጎረቤቱ ቤት ነው ይላል። በከተማዋ ውሃ የምትጭን መኪና አንዲት የጉምሩክ ቦቴ ብቻ ነበረች። ጉምሩኮች እሷን እየነዱ መጡ። መጡ እንጂ፣ ውሃው በርሜል ለታቀፈ ቤት ምንም እንደማይፈይድ ያውቁ ነበር። ስለዚህ እሳቱን ቀድመው በር በር እየዞሩ፣ ላብና ጥቀርሻ ፊታቸውን እያጠበው፣ «በርሜል ያላችሁ ንገሩን! እናውጣው! አንከሳችሁም!» እያሉ ይለምኑ ጀመር።

ከየበሩ የመጣው መልስ አንድ ነበር።

ቦቴዋ ከአንዱ በር አልፋ ወደሚቀጥለው ስትሄድ ያለፈችው ቤት ከኋላዋ ይፈነዳል። እንዲህ እየሆነ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ረድፉ በሙሉ አመድ ሆነ። ያለቀው ሰው ሐዘን ዛሬም በየቤቱ አለ። ከረድፉ ጫፍ አንዲት ቤት ብቻ ቆማ ቀረች፤ የጎሚስታው ቤት። አልጋ ቤቱ ማለት ነው።

ሴትዮዋ ያኔ የጎሚስታው ወጣት ሚስት ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን እያማጠች ተኝታለች። የምታስታውሰው ጥቂት ነው። ጣሪያው ሲንቋቋ ታስታውሳለች፤ የራሷን ጩኸትም። ከዚያ አልጋው እግር አውጥቶ የሄደ መሰላት። ሰማይ አየች። ልጇ የተወለደችው ወንዙ ዳር አሸዋ ላይ ነው። በማግሥቱ ሰው ሁሉ ያየው ደግሞ፣ ከአራሷ ጎን ሳይነካ የቆመውን የላምባ በርሜል ነው።

ወሬው የጀመረው እዚያው አሸዋው ላይ ነው። ጉምሩኮች በርሜሉ የት ክፍል እንዳለ በምን አወቁ? ለምንስ አልወረሱትም? ጎሚስታው ነግሯቸው ነዋ። ድሮም ጆሯቸው ነበር ማለት ነው። ባለፈው ዓመት እከሌን ያስያዘው ማን ሆነና? ቤተሰቡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም ወጣለት፤ «ከፋቾች»። ለጉምሩክ በር የከፈቱ ማለት ነው። በዚያች ከተማ ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም።

ጎሚስታው አልተከላከለም። ሚስቱ ስንቴ ጠየቀችው። «እኔ ሚስትህ ነኝ፤ ነግረሃቸው ከሆነ በለኝ፤ ስለኛ ብለህ ነው፤ አልፈርድብህም» አለችው። የጎማ መፍቻውን አንስቶ ይወጣል። አንድ ቀን አማቷ ባሉበት ጠየቀችው። አማቷ እንደ ድንጋይ የደረቁ ሴት ነበሩ፤ ቀና ብለው አይተዋት፣ «አፍ የተፈጠረው ለወሬ ብቻ አይደለም፤ ምሳሽን ብዪበት» አሏት። ሁለቱም በየጊዜያቸው ሞቱ። መልሱም አብሯቸው አፈር ገባ።

ሴትዮዋን የሚያንገበግባት የከተማው ወሬ አልነበረም፤ የልጇ ነገር ነው። ልጅቷ በትምህርት ቤት «የከፋች ልጅ» እየተባለች አደገች። ከእለታት አንድ ቀን እያለቀሰች መጥታ አባቷን «እውነት ነው?» አለችው። አባቷ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ «ራት ቀርቧል» እና «ሰው ይፈልግሃል» ካልሆነ በቀር አናግራው አታውቅም። ሲቀበርም ዓይኗ ደረቅ ነበር። አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ ልብስ ሰፊ። ከሱቋ ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ አለ፤ በእሳቱ ቤቱንም እናቱንም ያጣ ሰው ነው። ሁልጊዜ ጠዋት መዝጊያውን ሲያነሳ ወደ እሷ ዞሮ ጮክ ብሎ «ከፋቾች ተነስተዋል!» ሳይል ቀኑ አይጀምርለትም። ልጅቷ አትመልስለትም። ልክ ነው ብላ ታምናለችና።

እናቷ ደግሞ አባትየው ከተማውን ሸጦ ከሆነ፣ ልጅቷ መብቷ ነው ትላለች። ካልሸጠ ግን፣ ልጁ ያለ በደሉ ነው የቀበረችው። አንዱን ሳታውቅ መሞት አልፈለገችም።

አንድ ቀን ወደ ማዶ የሚሄድ አውቶቡስ ኬላው አጠገብ ተበላሽቶ ቆመ። ተሳፋሪው እስኪጠገን በየጥላው ተበተነ። አንድ በጣም ያረጁ ሰው በከዘራ እየተደገፉ አልጋ ቤቱ በረንዳ ላይ መጥተው ተቀመጡ። ሻይ አቀረበችላቸው፤ ትሪዋን አቀፈች።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ልጄ ጋ። ከሞትኩ ልጄ ጋ ልሙት ብዬ።»

«ይኼን አገር ያውቁታል?»

«ብዙ ዓመት ሠርቼበታለሁ እንጂ! እዚህ ኬላ ቦቴ ነበር የምነዳው።» ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «ይቺ ቤት ያቺው ናት አይደል? ያልተቃጠለችው። እነዚያ አሮጊት ምን ሆኑ?»

ትሪው ከደረቷ ወረደ። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ሹፌሮቿ አይተውት የማያውቁት ነገር ነው።

«የትኛዋ አሮጊት?»

«እነዚያ ድምፃቸው እንደ መጋዝ የሆነው።» ሽማግሌው ሳቅ አሉ፤ ወዲያው ሳቃቸው ቀዘቀዘ። «አንቺስ ማነሽ?»

«አልጋው ላይ የነበርኩት ነኛ።»

ሽማግሌው ሻያቸውን አስቀመጡ። ከዘራቸውን ፈለጉ። «እንግዲያው ይቅር ልጄ። ያለፈ ነገር ነው።»

«አባባ፣ እዚህ ቤት ሻይ የሚከፈለው በወሬ ነው። ሹፌሮቹን ይጠይቋቸው። ባሌ ነው የነገራችሁ?»

«ባልሽ?» እንደማይሆን ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባልሽ በሩ ላይ ነበር የቆመው። የጎማ ብረቱን በሁለት እጁ አግድም ይዞ። 'በርሜል አለ?' አልኩት። 'የለም' አለኝ።»

ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች። አልሸጠም። አርባ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ሸክም ከትከሻዋ ሲወርድ ተሰማት። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም፤ እንዳልጨረሱ ከጣቶቻቸው አወቀች፤ ብርጭቆውን ያዞሩ ነበር።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ 'ሰው አለ ውስጥ?' አልኩት።»

«እሺ?»

«'የለም' አለኝ።»

መንገዱ ላይ የአውቶቡሱ ረዳት ከመኪናው ሥር ሆኖ መፍቻ አቀብሉኝ ይላል። አንዲት ሴት ልጇን ትጠራለች። ሴትዮዋ ይኼን ሁሉ ሰማች፤ አንድም ነገር እንዳያመልጣት የሆነ ይመስል።

«ቃሉን ይንገሩኝ» አለች በመጨረሻ። «ምን ብለው ነበር የጠየቁት? እንደጠየቁት አድርገው።»

«ሰው አለ ውስጥ፣ ብዬ።»

«ጥያቄውን ጨርሰውት ነበር?»

ሽማግሌው ብርጭቆውን ማዞር አቆሙ። «እኔም ስንት ዓመት የማስበው እሷን ነው» አሉ። «አልጨረስኳትም። 'ሰው' ስል ነው የመለሰልኝ። ኮፍያዬን እያየ። ፊቴን አላየም፤ ኮፍያዬን ነው። ያን ቀን የጠየቅኩት ሰው ሁሉ እንዲያ ነበር። አረንጓዴ በር ካለው ቤት ደጃፍ የቆመ ጎረምሳም እንዲሁ አለኝ፤ አመንኩት፤ አለፍኩ። እናቱ ውስጥ ነበሩ።»

አረንጓዴ በር የነበረው የባለሱቁ ቤት ነው። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ያንቺንም ቤት ላልፍ ነበር» አሉ። «ዞሬያለሁም። ያን ጊዜ ከውስጥ ያ ድምፅ መጣ። 'ከሆድ ካለው ጋር ሦስት ነን! አንዷ ምጥ ላይ ናት፤ በርሜሉ ከአልጋዋ ሥር ነው! ምን ይገትርሃል አንተ ደንባራ፣ ግባ!'»

«ማንን ነው 'አንተ ደንባራ' ያሉት?»

«ይኼንንም አላውቅም። ሁለታችንንም መሰለኝ።»

ሳታስበው ሳቀች። ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነባትና በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ያዘች። ሽማግሌው ጠበቋት።

«ባሌስ ምን አደረገ?»

«ብረቱን ጣለዋ። ከሁላችንም ቀድሞ ገባ። ራስጌሽን የያዘው እሱ ነው፤ እኔና ጓደኛዬ ግርጌውን። አንቺን ካወጣን በኋላ ለበርሜሉ ብቻውን ተመለሰ። አትግባ ብለነው ነበር። ሲያንከባልለው ቆርቆሮው ግሎ መዳፉን ይልጠው ነበር።»

መዳፉን ታውቀዋለች። ሙጫ ነው ያቃጠለኝ፣ የጎማ ሥራ እንዲህ ነው፣ ብሏት ነበር።

«አሮጊቷ ደግሞ አሸዋው ላይ ክንዴን ያዙኝ» አሉ ሽማግሌው። «'በሩ ላይ ልጄ ያለህን ለማንም እንዳትናገር፤ ሚስቱ ትሰማለች' አሉኝ። ይኸው አሁን ተናገርኩ። በዚህ ዕድሜዬ ምስጢር መሸከም ከበደኝ መሰለኝ። ክፉ ነገር አደረግሁ ልጄ?»

«ጠየቅኩዎት፤ መለሱልኝ» አለች። «እስከ ዛሬ የመለሰልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፋ። ደግፋ እስከ በሩ አደረሰቻቸው፤ ከዘራቸውን አቀበለቻቸው። ከመኪናው መስኮት ሆነው እጃቸውን አነሱላት። ወዲያው ኬላው ላይ ያለው እንጨት ተነሳ፤ አውቶቡሱም አለፈ።

አንሶላ ልትቀይር ወደ ክፍሎቹ ገባች። አንዱን አልጋ አንጥፋ፣ አፍርሳ፣ ደግማ አነጠፈችው። አማቷን አሰበች። ከተማው ልጃቸውን ከሃዲ ሲል፣ እሳቸው በር ላይ ቁጭ ብለው ሲሰሙ፣ አንድ ቃል ቢናገሩ ያቆሙት ነበር፤ «እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ እሱማ ካደ» ማለት ብቻ። ያን ቢሉ ምራታቸው ከዚያ ሰው ጎን እንዴት ትተኛለች? ስለዚህ ዝም አሉ። እሷ ደግሞ ለእነዚያ ሴትዮ ስንት ዓመት ፊቷን አጥቁራ ወጥ አቀረበችላቸው። ባሏንም አሰበች። «ከፋች» መባል ቀልሎት ኖሯል። ያልሠራውን ኃጢአት ተሸክሞ የኖረው፣ የሠራውን እንዳትጠይቀው ነው። ሠርቶታል ወይስ አፉ ብቻ ነው የሠራው? ድስት ክዳን ደፍቶ ያለማመደው ማን ነበር? አሁንም እኮ እዚያው አማቷ ጋ ደረሰች።

ለልጇ ግማሹን መንገር ትችላለች። አባትሽ አልከፈተም። ውሸት የለበትም። ልጅቷ አባቷን መልሳ ታገኛለች፤ ሌላው ከእናቷ ጋር ይቀበራል። እንዲህ ብላ ወስና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ባለሱቁ ደጁ ላይ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት እንደልማዱ «ከፋቾች እንዴት ዋሉ?» አላት። ሌላ ቀን ብትሆን መልስ ነበራት። ዛሬ ቆማ አየችው። ያረጁ እጆቹን፣ ጉልበቱ ላይ የተጣጠፉትን፣ አየች።

«ደህና ዋልኩ» አለችው። «አንተስ?»

ሰውዬው ግራ ገብቶት ስታልፍ በዓይኑ ተከተላት።

ልጅቷ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ትሰፋ ነበር። «እማዬ፣ ምነው በዚህ ሰዓት? ደግሞ የማንን ሹፌር ሚስጥር ይዘሽ መጣሽ?» አለች ሳትነሳ።

«የአባትሽን።»

መኪናው ቆመ።

«ቦቴውን ይነዳ የነበረው ሰውዬ ዛሬ ቤት መጥቶ ነበር። አባትሽ አልነገራቸውም። በሩ ላይ ቆሞ፣ የለም ብሎ ከልክሏቸዋል። የነገሯቸው አያትሽ ናቸው።»

ልጅቷ ብድግ አለች። ተቀመጠች። እንደገና ተነሳች። «አልከፈተም?» አለች። ድምፁ የትልቅ ሴት ድምፅ አልነበረም። «እማዬ፣ አልከፈተም? እኔ እኮ... ሲታመም እኮ ውሃ እንኳ...» አልጨረሰችውም። ከዚያ እንባዋን በጨርቅ ቁራጭ እየጠረገች ወደ በሩ ዞረች። «ቆይ! ለዚህ ሽማግሌ አሁን ነው የምነግረው! አባቴ እንደማንኛቸውም ሰው ነበር! ከናንተ ምን ለየው እለዋለሁ!»

እናትየዋ የቀሚሷን ጫፍ ያዘቻት። ግማሹ ብቻ ይበቃል ብላ ነበር የመጣችው። ግን ልጅቷ እንዲህ እየሮጠች የምትወጣበትን ነገር ታውቀዋለች፤ ራሷም በዚህች መንገድ ስትሮጥ ኖራለች፤ ሰው የጎደለውን ግማሽ አንድ ቀን ከሌላ ሰው አፍ ይሰማዋል።

«ቁጭ በዪ። ገና አልጨረስኩም።»

ሁሉንም ነገረቻት። በሩን፣ ብረቱን፣ ሁለተኛውን ጥያቄና መልሱን፣ የአሮጊቷን ጩኸት፣ አልጋውን፣ መዳፉን። የአረንጓዴውን በር ነገር ብቻ አስቀረች፤ የሌላ ሰው ነውና።

እናቷ ስትጨርስ፣ ልጅቷ ከጠረጴዛው ላይ ክር እየለቀመች ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች።

«እኔንም የለም አለኝ ማለት ነው» አለች።

«አንቺንም።»

«ቀድሞ የገባውም እሱ ነው።»

«እሱ ነው።»

«አንቺ ብትሰሚ ኖሮ ያኔ... ትተይው ነበር?»

«እሱን ነው እንግዲህ ከአልጋ ቤቱ እስከዚህ ድረስ ስጠይቅ የመጣሁት። እግሬ ደረሰ፤ መልሱ አልደረሰም።»

ልጅቷ ፈገግ ልትል ፈልጋ አልሆነላትም። መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ መኪናው ላይ አኖረች። ተነሳች። አሁን አትሮጥም።

«የት ነው?»

«ልነግረው።»

«የትኛውን?»

«ሁሉንም» አለች። «ግማሹንማ ነግሬው ቢያምነኝ፣ ነገም ጠዋት አንድ ነገር እየደበቅኩ ልወጣ ነው እኮ።»

መንገዱን ተሻገረች። እናትየዋ የልጇ ወንበር ላይ ተቀምጣ በበሩ በኩል ትመለከታለች። አንድ የጭነት መኪና አልፎ ሸፈናቸው። ሲያልፍ ልጅቷ ባለሱቁ ፊት ቆማ ትናገራለች፤ እጆቿ አግድም አንድ ነገር እንደያዙ ሆነው ይታያሉ። ሰውዬው መጀመሪያ ብድግ ብሎ እጁን አወናጨፈ። ከዚያ እጁ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ የሆነ ቃል ላይ ስትደርስ፣ የትኛው ቃል እንደሆነ ሴትዮዋ ታውቃለች፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወደ ሳጥኑ ዝቅ አለ።

ሰውዬው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ሳያያት እጁን ዘርግቶ ሌላ ሳጥን ወደ እሷ ሳበ። ልጅቷ ተቀመጠች። አሁን የሚናገረው እሱ ነው። እሷ አንገቷን ወደ እሱ ዘንበል አድርጋለች።

ሴትዮዋ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆና አንገቷን አሰገገች። አንድም ቃል አልሰማ አላት። ልትነሳ ፈልጋ መልሳ ተቀመጠች። ምን እያላት ይሆን?